ሲሶ ሲሶ የተነበበው ወንበር

ጥቅምት 3

ለጥርስ ነቃዩ የወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ከእኔ ተለይቶ ራሱን ችሎ መኖር ጀምሯል፤ እኔ ስነሳ እሱ ይቀመጣል።

ደብዳቤህን የአውቶቡሱ ሹፌር እጄ ላይ አኖረልኝ። ከፈትኩት፣ አነበብኩት፣ መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። እኔ እኮ ሰው ሞቶ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር! ስንት ጊዜ ድምፅህን አጥፍተህ ስታበቃ፣ የአክስትህን ጤና በግማሽ መስመር ጠይቀህ፣ ቀጥለህ ምን ትለኛለህ? በወንበሩ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ወንበር ቁመቱ ምን ያህል ነው፣ መደገፊያስ አለው ወይ ትለኛለህ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው የወንበር ቁመት ምን ያደርግለታል? ለወንበርም ጥርስ ማስገባት ጀመራችሁ እንዴ?

ለማንኛውም ልመልስልህ፤ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ጥያቄ አያሳድርም። ቁመቱ አልተጻፈም። መደገፊያ አለው። መቀመጫው በገመድ የተጠለፈ ነው፤ አንደኛው የፊት እግሩ ላይ ሰዓት ሠሪው የራሱን ምልክት በቢላዋ ቀርጾበታል። ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ከሱቁ በር አጠገብ አስቀምጦ፣ ማዶ ያለችውን ልብስ ሰፊ ይጠብቃል። "ቦታሽ ይኸው" ማለቱ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ለአንተ ክፍል የደረሰው የፊተኛው ሲሶ ነው።

መጽሐፉን ለምን ቆረጡት ብለህ ደግሞ ትወቅሰኛለህ። ምን ላደርግ ኖሯል? ትምህርት ቤቱ የነበረው ቅጂ ከተማሪው ጋር አይመጣጠንም። በምላጭ ለሦስት እየሰነጠቅኩ፣ በክር እየሰፋሁ፣ ለየክፍሉ ሲሶ ሲሶ አደልኩ። ፈተናውም አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ወንበሩ ምን ይወክላል?" ይላል። መልሱ ግን እንደየሲሶው ነው፣ ሦስቱም ልክ። ስትጨርሱ ተለዋወጡ ብያችሁ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የያዘውን ይዞ የተመረቀው ይበዛል። ይኸው ከተማው ሙሉ ስለ አንድ ወንበር ሦስት ዓይነት ሰው ሆኖ ቀረ።

የቀረውን ልላክልህ እንዴ? ወንበሩ እኮ እስከ መጨረሻው እንደዚያ አይቆይም።

ስለ ጥርሴ የጠየቅከውንም አይቼዋለሁ። ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።

አክስትህ


ጥቅምት 19

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎን ከልብ እጠይቃለሁ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ሙሉ መስመር ሰጥቼዋለሁ። ጥርስ ነቃይ ግን አይደለሁም። ስንቴ ልንገርዎት? የሚነቅለው ሐኪሙ ነው፤ እኔ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ የተነቀለውን የምተካው ነኝ።

የቀረውን ሲሶ አይላኩ፤ የእኔ ይበቃኛል። የወንበር ቁመት ምን ያደርግልሃል ላሉኝ ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልዎት። ማን ናት የሚለው ቁራጭ ወረቀትዎ ደግሞ ከደብዳቤዎ ቀድሞ ነው የደረሰኝ። እንዴት እንዳወቁ አልጠይቅም።

ከክሊኒካችን ፊት ለፊት መነጽር ቤት አለ። እዚያ ዓይን የምትመረምረው ልጅ የኛው ከተማ ልጅ ናት፤ የእርስዎም ተማሪ ነበረች። አባቷ የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ከእሷ ጋር ይኖራሉ። የታችኛውን ጥርሳቸውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥርስ ሠርቼ አላውቅም አክስቴ። ልኬቱን በአንድ ቀን መጨረስ ስችል፣ እሷ አብራቸው ስለምትመጣ እየደጋገምኩ ቀጠርኳቸው። በመጨረሻ ሰውየው "ልጄ፣ ጥርስ ነው የምትሠራው ወይስ ድልድይ?" አሉኝ።

አንድ ቀን እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠው ሳለ፣ እሷ "የአክስትህን የወንበር መጽሐፍ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልኝ? ለአናጺው ነግሬ አንድ ወንበር አሠራሁ፤ መደገፊያ ያለው፣ በገመድ የተጠለፈ። ቁመቱን በግምት አደረግነው። የፊት እግሩ ላይ በራሴ እጅ ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ቀረጽኩበት፤ የእኔ ምልክት ምን ሊሆን ይችላል ሌላ? ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት ወስጄ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩላትና ዞር ሳልል መጣሁ።

እስካሁን መልስ የለም። ለደስታ ጊዜ ያስፈልገዋል መሰለኝ።

ጥርስዎን ግን አላመንኩም። ሰላምታ የሚልክ ጥርስ የጎደለ ነገር አለው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 27

አንተ ልጅ፤

ኧረ በሕግ አምላክ! ደጃፏ ላይ?

ስለ ጥርሴ ላልከው አልመልስም፤ መጀመሪያ ቁጭ በል። ቁጭ ብለሃል? እሺ። ሰዓት ሠሪው በኋለኛው ሲሶ ያንኑ ወንበር ተሸክሞ ይሄድና ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ጥሎት፣ ዞር ሳይል ከአገር ይወጣል። "ለአንቺ ያኖርኩትን ቦታ ከቤቴ አወጣሁ" ማለቱ ነው። ስንት ክፍል በዚያ ገጽ አልቅሶልኛል መሰለህ! እሷ የተመረቀችበትን ዓመት አሰብኩ፤ የእሷ ክፍል የኋለኛው ሲሶ ነው። ደጃፍ ላይ የተተወ ወንበር፣ ዞር ሳይል የሄደ ሰው። ሆዷ ባር ባር የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ለፍቅር አይደለም፣ የኔ ብልህ!

የወደደችህ መስሎህ ስትደሰት፣ እሷ አንተን ቀብራ ተቀምጣለች።

አሁን ስማኝ። ምንም አታድርግ። አትጻፍላት፣ አበባ አትላክ፣ ከወንበሩ አጠገብ አትድረስ። በተለይ በተለይ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳታዞረው! አባትየው የማታ ተማሪዬ ነበሩ፤ ለማታው ክፍል የሰጠሁት መካከለኛውን ሲሶ ነው። ሰዓት ሠሪው በዚያ ሲሶ ሐሜት ሰምቶ ወንበሩን መንገደኛ እያየው ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። "የዚህች ሴት ስም በቤቴ አይነሳ" ማለቱ ነው።

ዝም በል። ዝም አይነቅዝም።

አክስትህ


ኅዳር 6

አክስቴ፤

አዞርኩት።

አታዙረው የሚለው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካዞርኩት በኋላ ነው። ለምን አዞርከው ይሉኛል፤ ዝናብ ጣለ! ሦስት ቀን መልስ ጠብቄ በደጃፏ ሳልፍ፣ ወንበሩ እዚያው እንዳስቀመጥኩት አለ፤ ገመዱ በስብሷል። ማንም አላስገባውም። መቀመጫው እንዳይበላሽ ብዬ ገፋ አድርጌ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስገባሁትና ፊቱን ወደ ግድግዳ መለስኩት። በዚያው ቅጽበት መስኮቱ ተከፈተ።

"አንተ!" አሉ አባትየው። "ልጄ ምን አደረገችህና ነው በሰፈሩ ፊት የምታዋርዳት?"

"ዝናቡ ነው" አልኳቸው።

"ዝናብ! እሳት ሳጠፋ የኖርኩትን ሰውዬ ዝናብ ትለኛለህ?"

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ድረስ መጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ጥርሱን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠቀለሉ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ከአንተ ጥርስ የራሴ ድድ ይሻለኛል" አሉኝ። ከዚያ በሩን ዘግተው ሊወጡ ሲሉ የከፈቱት ቁም ሳጥኑን ነበር። የሰው ሁሉ መንጋጋ የተደረደረበት ቁም ሳጥን ነው። ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ትክክለኛውን በር አግኝተው ወጡ።

እሷንስ? መነጽር ቤቱ ሄድኩ። "ዓይንህን ልመርምር?" አለችኝ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? አንዱን ዓይኔን ሸፈነችና ፊደሎቹን አስነበበችኝ። ሁሉንም አነበብኩ፤ ታች ያሉትን ጥቃቅኖቹንም ጭምር። "ዓይንህ ደህና ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው" ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ስወጣ ባልደረባዋ ነገረችኝ፤ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ ተዛውሬ ልሥራ ብላ አመልክታለች። በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች።

ለምን በአፍህ አትነግራትም ቢሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ ጋር እውላለሁ፣ የራሴን ግን አልጠቀምበትም። ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሦስቴም ስለ አባቷ ድድ አውርቼ ተመለስኩ። እወዳታለሁ አክስቴ። ለእርስዎ መጻፍ እችላለሁ፤ ለእሷ መናገር አቃተኝ። ከሄደች ምን ይቀረኛል? እባክዎ መጥተው አስታርቁን። እርስዎን ሁለቱም ይሰማሉ።

ወንበሩን ያቆራረጡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይጠግኑት።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 14

ለአዞርኩት፤

ከእንግዲህ ስምህ ይህ ነው።

አልመጣም። ለምን እንደማልመጣ አትጠይቀኝ። ጉልበቴ ነው በል። በእርግጥም ጉልበቴ ነው፣ በአብዛኛው።

ያቆራረጡት እርስዎ ነዎት ያልከኝ ግን ሁለት ቀን አላስተኛኝም። ተናድጄ መልስ ጀመርኩ፤ ቀደድኩት። ደግሜ ጀመርኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ከዚያ ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትኩ። ያልቆረጥኩት አንድ ቅጂ አለኝ። ለማንም አውሼው አላውቅም፤ ርእሰ መምህሩ ለምነውኝ እንኳ የለም ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። ሰው ሲሶ ሲሶ ሲያድል ውሎ ቤቱ ሲገባ አንድ ሙሉ ነገር ያስፈልገዋል። እሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ። የዘይት ነጠብጣብ ይዞ እንዳይመለስልኝ!

ከአንተ የምፈልገው ይህ ነው። መጀመሪያ ለአባትየው ጥርሳቸውን መልስ። ጥርሱን ከመጽሐፉ በፊት፤ የራበው ሰው ምንም አይገባውም። ቀጥለህ መጽሐፉን እጃቸው ላይ አኑርና "መምህርት ከፊትም ከኋላም ያንብቡት ብለዋል" በላቸው። ሌላ ቃል አትጨምር። አንተ ቃል ስትጨምር ምን እንደሚሆን አይተናል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ምን እንደሚል አልነግርህም። የኋለኛውን ሲሶ የያዙትም አያውቁትም። ሽፋን የሌለው ወረቀት ጫፉ ቶሎ ይረግፋል፤ ሁሉም እንባ ላይ ነበር የሚያቆሙት።

ሌላም ነገር አለ። ከዚያኛው ወገን ደብዳቤ ደርሶኛል። ምን ብላ ነው አትበለኝ፤ አልነግርህም። እኔም መልሼላታለሁ፤ የመለስኩላት አንድ መስመር ነው።

የጥርሴን ነገር አላመንኩም ያልከኝን አልረሳሁም። ተወኝ እስቲ! የራስህ ቤት እየነደደ የሰው ጭስ ትቆጥራለህ።

አክስትህ


ኅዳር 30

ለተከበሩ አክስቴ፤

ምን ሆነ ብለው በቴሌግራም አይነት አጭር ወረቀት ስለጠየቁኝ፣ ሳልደባብቅ በተራው ልንገርዎት። መጽሐፉ ደህና ነው። ዘይት አልነካውም። ትንሽ የጥርስ ማለስለሻ ዱቄት ግን ነክቶታል፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ይቅር ይሉኛል።

እንዳሉኝ ጥርሱን ይዤ ሄድኩ። አባትየው በሩን ከፈቱልኝ። ሰውየው ከስተዋል። ጥርሱን ተቀበሉኝ፣ አጠለቁት፣ አንዴ ገጠም ገጠም አደረጉት። ከዚያ መጽሐፉን ሰጥቼ ያሉኝን ብቻ ተናገርኩ። "መምህርት?" አሉ፤ ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ፣ እርስዎ በሩ ላይ ያሉ ይመስል። "እንግዲያው ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ሁሉም ይስማ። ቁጭ በል።" የምቀመጥበት ፈልጌ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ፤ ቤቱ በጉዞ ሣጥን ተሞልቷል።

ከሥራ በኋላ በየቀኑ እየሄድኩ አዳመጥኩ። አባትየው "ሰ" ሲሉ ጥርሱ ያፏጫል፤ መጽሐፉ ደግሞ ሰዓት ሠሪና ልብስ ሰፊ ነው! በየገጹ መሐል አውልቀው ይሰጡኛል፣ እኔ ሞርጄ አለስልሼ እመልሳለሁ፣ እሳቸው አጥልቀው ይቀጥላሉ። ዱቄቱ የነካው ያኔ ነው። እሷ ከጓዳ ሆና ዕቃ ትጠቀልላለች። የማትሰማ መስላ ትሰማለች።

የፊተኛውን ሲሶ ሲያነቡ አባትየው አቆሙና "እንዴ! ይሄ ሰውዬ ለካ ይወዳት ኖሯል!" አሉ። ከጓዳ የዕቃ ድምፅ ጠፋ። መካከለኛው ላይ ሲደርሱ የሚያውቁት ስለሆነ በቃላቸው ወጡት። የኋለኛው ላይ ደግሞ ድምፃቸው ተሰበረ፤ "ጥርሱ ነው" አሉኝ። ጥርሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ትናንት የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበቡ። ልብስ ሰፊዋ አርጅታለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች፤ ሰው መጥቶ ይህ ወንበር የማን ነው ሲላት "የተቀመጠበት ሰው ነው" ትለዋለች። አለቀ። አባትየው ገጹን ገልብጠው ሌላ ፈለጉ። "ይኸው ነው?" አሉ። "ለዚህ ነው ጥርሴን የወረወርኩት?"

በዚህ መሐል እሷ ከሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ አብጧል። ወደ እኛ አላየችም። ተመልሳ ወጣችና ደጃፍ ላይ ያለውን ወንበር ከግድግዳው አዞረችው፤ ወደ ቤት አስገባችው፤ ጫማዋን አወለቀችና ተቀመጠችበት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ታካሚዬን መሰልኩ።

"ይሄ አሁን ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"እግሬን አሞኛል ማለት ነው" አለች።

ከዚያ አክስቴ፣ ጎንበስ ብላ የቀረጽኩትን መንጋጋ በጣቷ ዳሰሰችው። ቀና ብላ አየችኝ። "አንድ ብቻ ነው ያሠራኸው?" አለችኝ። "ቤት እመሠርታለሁ የሚል ሰው አንድ ወንበር ያሠራል? አንተስ የት ልትቀመጥ ነው?"

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ አባትየው ግን "በቃህ፣ ገብቷታል" እስኪሉኝ ድረስ ተናገርኩ። የዝውውር ማመልከቻዋን ዛሬ ጠዋት መልሳ ወስዳለች። ሣጥኖቹን እየፈታን ነው።

ከክሊኒኩ በስተጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተናል። አናጺው ጋ ሄጄ ሦስት ወንበር ጨምሬ አዘዝኩ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአባትየው ነው። አራተኛውን እሷ ናት ጨምርበት ያለችው። "የአክስትህ ነው፣ ፊቱ ወደ መስኮት ይሆናል" አለች። እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ለበዓል ጥየቃ አይደለም አክስቴ፤ ለመኖር ነው። አናጺው ግን በግምት አልሠራም ብሏል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፤

ደብዳቤህን ሹፌሩ ፊት ከፍቼ አነበብኩና እዚያው ማቆሚያው ላይ አለቀስኩ። ሰውየው ደንግጦ ውሃ ገዛልኝ። ሰው ሞቶ ነው? አለኝ። አይ፣ ወንበር ተሰጥቶኝ ነው አልኩት። ያበድኩ መስሎት ቤቴ ድረስ ሸኘኝ።

ለልጅቷ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልነገርኩህም ነበር። አሁን ልንገርህ። ልጅቷ "ወንበሩ ምን ማለት ነው?" ብላ ነው የጻፈችልኝ። እኔም "ልጄ፣ እስቲ ተቀመጪበትና አንቺው ንገሪኝ" ብዬ መለስኩላት። ሙሉ ማርክ አግኝታለች፤ ንገራት።

ከአንተ ጋር ደግሞ አንድ ነገር እንጨርስ። ለምን እንደማልመጣ ደብቄህ ነበር። የፊቶቹ ሁለቱ ጥርሶቼ ወልቀዋል፣ ከጎናቸው ያለውም ሊሄድ ዕቃውን ጠቅልሏል። ስትናገር የምታፏጭ መምህርት ሆኜ የድሮ ተማሪዎቼ ፊት መቆም አሳፍሮኝ ነው። አባትየው ሲያፏጩ እንዳነበቡ ከሰማሁ ወዲህ ግን ቀለል ብሎኛል። መጥቼ ልኬቱን ትወስዳለህ። በአንድ ቀን ጨርስ፤ እኔን እየደጋገምክ አትቀጥረኝም፣ አብራኝ የምትመጣ ልጅ የለኝም።

ቤቱን ለጎረቤቴ አከራይቻለሁ። ሲሶዎቹን በሙሉ ሰብስቤ ለትምህርት ቤቱ መልሻለሁ፤ እንደገና ስፉት ብያቸዋለሁ፣ ክሩንም ሰጥቻቸዋለሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ሹፌሩ ከፊት አስቀምጥዎታለሁ ብሎኛል።

አየህ፣ ያን ሁሉ ዘመን ወንበሩ ምን ይወክላል እያልኩ ተማሪ ስጠይቅ የኖርኩት ቆሜ ነው። ክፍሉ ውስጥ ለአስተማሪ ወንበር አልነበረም፤ እኔም ይምጣልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ይቀመጡ ያለኝ ሰው የመጀመሪያው አንተ ነህ።

ቁመቱን ደግመህ ጠይቀኸኛል። ለአናጺው እንዲህ በለው፤ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ መነሳት ያቅተኛል።

አክስትህ